ትኬት የምትቆርጠው ኢሲጂ

ዲግሪዬ ላይ «ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ» ይላል። ሆስፒታሉ ውስጥ ግን ስሜም ማዕረጌም «ባዮሜዲካል» ነው። «ባዮሜዲካል የት ሄደ?» ከተባለ የሆነ ዕቃ ተበላሽቷል ማለት ነው። ግማሹን ጊዜ ስደርስ ሶኬቱ አልተሰካም። ሰክቼ እመለሳለሁ፤ ምስጋናውም አይቀርብኝም።

ባለፈው ወር የተጠራሁት ግን ለሶኬት አልነበረም። አንድ አዛውንት ደረታቸውን ይዘው ድንገተኛ ክፍል ገብተዋል። ልጃቸው በባጃጅ ነው ያመጣቸው። ሐኪሙ ኢሲጂ፣ የልብ ምት ወረቀት ላይ የሚታይበት ምርመራ፣ ይነሳልኝ ይላል። ትልቁ ማሽን ጋሪው ላይ እንደተገተረ ነው። ማታ መብራት ሄዶ ነበር፤ ሊነጋጋ ሲል በኃይል ተመለሰና ለማሽኑ ኃይል የሚሰጠውን ፓወር ቦርድ ይዞት ሄደ። ክዳኑን ስከፍተው የተቃጠለው ነገር ሽታ ገና አልለቀቀም።

ስቶር ሮጥኩ። ከአንድ ፕሮጀክት የተረፈች ትንሽ ኢሲጂ መደርደሪያ ላይ አለች። አንድ ኪሎ ከምናምን ብትመዝን ነው። ባትሪዋን የሞላሁት ራሴ ስለሆንኩ ተማመንኩባት። ሲስተር ኤሌክትሮዶቹን ለጥፋ ቁልፉን ስትጫን፣ ቀጭን ጥቅልል ወረቀት እየተንጣጣ መውጣት ጀመረ።

«ይቺ ደግሞ ትኬት ነው እንዴ የምትቆርጠው?» አለች።

ሐኪሙ ወረቀቱን አየና ሪፈር ጻፈ። አምቡላንስ ተጠራ። አዛውንቱ ሄዱ። እኔ ግን የሲስተር ነገር ቀኑን ሙሉ አሳቀኝ፤ ሳታውቀው እውነቱን ነበር የተናገረችው።

ማሽኗ ማክ 400 ትባላለች። የአሜሪካው ኩባንያ የጄኔራል ኤሌክትሪክ ናት፤ የተነደፈችው ግን አሜሪካ አይደለም። ኩባንያው በ2000 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጅ ነው) ሕንድ፣ ባንጋሎር ከተማ ውስጥ ትልቅ የምርምር ማዕከል ከፍቶ ነበር። እዚያ ያሉት መሐንዲሶች ሐኪም ይዟት ገጠር ለገጠር የሚዞር ኢሲጂ ለመሥራት ተነሱ። ትልቁ ማተሚያ አስቸገራቸው። ከባድ ነው፣ ባትሪ ይጨርሳል፣ ውድ ነው። መፍትሔው መንገድ ላይ ነበር። አውቶቡስ ውስጥ ትኬት የሚቆረጥበት የእጅ ማሽን ላይ ያለችውን ዓይነት ትንሽ ማተሚያ ወስደው ኢሲጂው ውስጥ አስገቧት። በአቧራና በሙቀት ቀኑን ሙሉ ስትሠራ የምትውል ማተሚያ ናት። አዲስ ነገር ለመፈልሰፍ ጊዜና ገንዘብ አላጠፉም። ቁልፎቹንም ቀነሷቸው፤ አራት ብቻ ቀሩ። ዋጋዋ ወደ 800 ዶላር ሆነ። የተለመደው ያኔ 2,000 ዶላር ገደማ ይሸጥ ነበር።

ስለ አራቱ ቁልፎች ትንሽ ላውራ፤ ሙያዬ ነው። እኛ ጋ ያለው ትልቁ ኢሲጂ ሙሉ ኪቦርድ አለው። ከእነዚያ ቁልፎች ሲስተሮቹ የሚነኩት ሦስቱን ነው። ሌላው አቧራ ይሰበስባል፣ ሻይ ይፈስበታል፣ ከዚያ ይነክስና እኔ እጠራለሁ። ቁልፍ በበዛ ቁጥር የሚበላሸው ይበዛል። ይህን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም፤ አንድ ዓመት ሆስፒታል ውስጥ መዋል ይበቃል። ችግሩ ማሽኑን የሚነድፈው ሰውዬ እኛ ሆስፒታል ውሎ አያውቅም።

እኔን የገረመኝ ግን ባንጋሎር ያሉት ይህን መሥራት መቻላቸው አይደለም። መፈቀዱ ነው። የውጭ ኩባንያ ቅርንጫፍ ሥራው አብዛኛውን ጊዜ የታወቀ ነው፤ ዋናው መሥሪያ ቤት የሠራውን መሸጥ፣ የተሸጠውን መጠገን፣ ገቢውን መላክ። የኩባንያው የዚያን ጊዜ አለቃ ጄፍሪ ኢሜልት በ2009 ራሱ በጽሑፍ አምኖታል። ሕንድ ያለ ሠራተኛ አዲስ ሐሳብ ቢመጣለት፣ ውቅያኖስ ማዶ ያለውንና ሕንድን በቅጡ የማያውቀውን የምርት ኃላፊ ማሳመን ነበረበት። ያ ኃላፊ ደግሞ ውድ ማሽን ለሀብታም ሆስፒታል እየሸጠ ቦነሱን ይቀበላል። ምን ብሎ ነው ርካሽ ማሽን የሚፈልገው? ስለዚህ እዚያው ገበያው ያለበት አገር ቡድን አቋቋሙ፤ የራሱ በጀት ያለው፣ ምን እንደሚሠራ ራሱ የሚወስን፣ ተጠሪነቱም በቀጥታ ለላይኛው አለቃ የሆነ። ለእኔ ቁልፉ እዚህ ጋ ነው። ጎበዝ መሐንዲስ የትም አለ። በጀትና ውሳኔ የያዘ መሐንዲስ ነው የጠፋው።

የአልትራሳውንዱ ታሪክ ደግሞ የበለጠ ያስቃል። ይኸው ኩባንያ ቻይና ውስጥ 100,000 ዶላርና ከዚያ በላይ የሚያወጣ አልትራሳውንድ ይዞ ሲዞር ገዢ አጣ። አብዛኛው የቻይና ሕዝብ የሚታከመው በትናንሽ የገጠር ክሊኒኮች ነበር። ለካስ እስራኤል ያለው የልማት ማዕከሉ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የማሽኑን ከባድ ሥራ ከሃርድዌር ወደ ሶፍትዌር ለማዞር ሲሞክር ኖሯል። የቻይናው ቡድን ያንን ወስዶ ተራ ላፕቶፕ ላይ የሚሠራ አልትራሳውንድ ሠራ። በ2002 ሲወጣ ከ30,000 እስከ 40,000 ዶላር ነበር፤ በ2007 ወደ 15,000 ወረደ። ቆይቶ ሁለቱም ማሽኖች፣ ኢሲጂውም አልትራሳውንዱም፣ አሜሪካ ተመልሰው ገብተው ተሸጡ። እስራኤል አስቦ፣ ቻይና ሠርቶ፣ አሜሪካ ገዛ።

ወደ ሰፈራችን ጠጋ እንበል። ስልኬ ላይ ያለው የገንዘብ መላኪያ፣ ኤም-ፔሳ፣ እኛ ጋ ሥራ የጀመረው በ2023 ነው። መነሻው እንግሊዝ ነው፤ የስልክ ኩባንያው የቮዳፎን ሰዎች ከእንግሊዝ መንግሥት የልማት ፈንድ ድጋፍ አግኝተው ጀመሩት። በ2005 ኬንያ ሲሞከር ሐሳቡ የማይክሮፋይናንስ ብድር በስልክ እንዲከፈል ነበር። ቲካ ከተማ ያሉት ተበዳሪዎች ግን ብድሩን ትተው እርስ በርስ መላላክ ጀመሩ። አንዱ ለሚስቱ ይልካል፣ ሌላው መንገድ ላይ እንዳይዘረፍ እዚህ አስገብቶ እዚያ ያወጣል። የኬንያው የስልክ ኩባንያ የሳፋሪኮም ሰዎች ይህን በዓይናቸው አዩ። በመጋቢት 2007 አገልግሎቱ ሲጀመር ብድሩ ወጥቶ መላኩ ብቻ ቀረ። እንግዲህ የፈጠረው ማን ነው? እንግሊዝ ቢባልም ልክ ነው፣ ቲካ ቢባልም። ሰርቨሩ ግን እስከ 2015 ጀርመን ነበር። ስሙንም ሳፋሪኮም ከደቡብ አፍሪካው ቮዳኮም ጋር ሆኖ ከቮዳፎን የገዛው በ2020 ነው። ኬንያዊ ለኬንያዊ የሚልከው ገንዘብ ለዓመታት ጀርመንን ሳይሆን ናይሮቢን የሚያውቅ ይመስለኝ ነበር። የዋህ ነኝ።

እኛ ጋ አብዛኞቹ የሕክምና ዕቃ አምራቾች ቅርንጫፍ እንኳ የላቸውም። ወኪል ነው ያላቸው። ወኪሉ ያስመጣል፣ ይተክላል፣ ዋስትናው እስኪያልቅ ይጠግናል። የትልቁ ኢሲጂ ቦርድ ሲቃጠል ለወኪሉ ደብዳቤ ጻፍኩ። ብልሽቶችን የምመዘግብበት ደብተር አለኝ፤ በአራት ዓመት ውስጥ መብራት ሲመለስ የተቃጠሉ 17 ፓወር ቦርዶች ጽፌበታለሁ፣ ከየትኛው ማሽን፣ በስንት ሰዓት፣ የቱ ፊውዝ ቀድሞ እንደሄደ። ሁሉንም ገልብጬ ላክሁ። መግቢያው ላይ አንዲት ርካሽ መከላከያ ቢጨመር ቦርዱ እንደሚተርፍም ጻፍኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ መልስ መጣ። የአዲስ ቦርድ ፕሮፎርማ።

ወኪሉ ጋ የሚሠራ የባቼ ልጅ አለ። ደወልኩለት።

«ስማ፣ ደብዳቤዬን አንብባችሁታል?»

«አንብቤዋለሁ። እኔም እኮ እንዳንተው ደብተር አለኝ» አለ። «ግን የት ልላከው? በየወሩ ለአምራቹ የምንሞላው ፎርም አለ። ሁለት ዓምድ ነው ያለው፤ የተሸጠ፣ የተጠገነ።»

«ሌላ የለውም?»

ፎርሙን ሲከፍት በስልክ ይሰማኛል። «ከታች አለ። 'አስተያየት' ይላል። ከ200 ፊደል አይበልጥም።»

ቅዳሜ ከሰዓት ቢሮው ሄድኩ። ቡና ታዘዘ። ሁለት መሐንዲስ አንድ ላፕቶፕ ላይ ተደፍተን 17 ቦርድ በ200 ፊደል መጻፍ ጀመርን። መጀመሪያ 460 ወጣ። የማሽኖቹን ሞዴል አጠፋን። ሰዓቶቹን አጠፋን። ፊውዙን ላስቀር ብዬ ተከራከርኩ፣ ተሸነፍኩ። 211 ላይ ስንደርስ ጓደኛዬ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ፣

«ይቺን 'እባካችሁ' እናውጣት» አለ።