ኮከብ መቁጠር በሶፍት ካርቶን፤ እስካሁን የደረስንበት

የዚህ ዙር ልምምድ ከደሴ በስተሰሜን ላለው ለቦሩ ሜዳ የተዘጋጀ ነው፤ ኅዳር አጋማሽ፣ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት። (ዕጣ ፈንታ ፈልጎ የመጣ ካለ ሌላ ቤት ይሞክር።)

መሣሪያው ሶፍት ሲያልቅ የሚተርፈው ካርቶን ነው። አፉ 4 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ርዝመቱን 8.5 ላይ ቁረጡት። የዓይን ብሌን ከካርቶኑ ጫፍ 1.5 ያህል ስለሚርቅ ጠቅላላው 10 ይሞላል፤ ያኔ በቀዳዳው የሚታየው ክብ ከላያችን ካለው ሰማይ አንድ ሃምሳኛው ነው። ካርቶኑን ራሱን 10 ቆርጦ በ50 ማባዛት የብዙ ሰው ስህተት ነው። ማባዣው 66 መሆን ስላለበት ሩብ ያህሉ ኮከብ ከሂሳቡ ይወድቃል።

ዓይን ጨለማ እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ መሃል ላይ አንዱ ስልኩን ካበራ እንደገና ሀ ብሎ መጀመር ነው። ሰማዩ ላይ አሥር ቦታ ቆጥራችሁ አማካዩን በ50 አባዙ። አማካዩ 50 ቢሆን 2,500 ይመጣል። ከ3,000 በጣም ካለፈ ካርቶኑ ፍኖተ ሐሊብ (ጋላክሲያችን፣ ማለትም ፀሐይ ያለችበት ግዙፍ የኮከቦች ስብስብ፣ ሰማይ ላይ እንደ ነጣ ያለ ቀበቶ የሚታይበት) ላይ ብቻ ተነጣጥሯል ማለት ነው። ደቡቡ ከሳሳ ጥፋቱ የደሴ መብራት ነው።

በዚህ መንገድ ግን የጋላክሲው ቁጥር ላይ አይደረስም። ለፀሐይ ከሁሉ የምትቀርበው ፕሮክሲማ ሴንታውሪ እንኳ፣ 4.2 የብርሃን ዓመት (ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት) ላይ ሆና፣ በባዶ ዓይን አትታይም። አብዛኞቹ ኮከቦች እንደ እሷ ቀይ ድንክ፣ ማለትም ትንንሽና ደብዛዛ ኮከቦች ናቸው። ስለዚህ ጋላክሲ ይመዘናል እንጂ አይቆጠርም። ፀሐይ ከፍኖተ ሐሊብ እምብርት 26,000 የብርሃን ዓመት ርቃ በሰከንድ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ትዞራለች። ፍጥነቱን በራሱ፣ ከዚያም በርቀቱ አባዙ፤ ለስበት ቋሚ ቁጥር አካፍሉ። የ100 ቢሊዮን ፀሐይ ያህል ክብደት ይወጣል። ሁሉንም አስቀድማችሁ ወደ ሜትር ለውጡ፤ ዜሮዎቹ የሚጠፉት እዚያ ላይ ነው።

ይህ ከፀሐይ ምህዋር ወደ ውስጥ ያለው ብቻ ነው፤ ጋዙና ጨለማ ቁሱም (የማይታየው፣ በስበቱ ብቻ የሚታወቀው ቁስ) አብሮ ተመዝኗል። ድንኮቹ ደግሞ ቀላል ስለሆኑ በአንድ ፀሐይ ክብደት ብዙ ይገባሉ። ግምቱ ከ100 እስከ 400 ቢሊዮን የሚዋዥቀው ለዚህ ነው።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ፊታችሁን ወደ ሰሜን መልሱ፤ ሌላዋ ጋላክሲ፣ አንድሮሜዳ፣ 60 ዲግሪ ከፍታ ላይ ትሆናለች። 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት፣ አንድ ትሪሊዮን ገደማ ኮከብ፣ የምታዩት ግን የጢስ እፍታ የመሰለ ነገር ነው። አፍጥጠው ሲያዩዋት ትጠፋለች፤ ትንሽ ወደ ጎን ተመልከቱ። ባይኖኩላር ያለው ተራው እስኪደርስ ጋቢው ሥር ያቆየው፤ የቦሩ ሜዳ ብርድ መስታወቱን ጤዛ ያለብሰዋል።