በራሃት የጠጉር ድንኳንን እንደገና ስሠራ የተማርሁት

በእስራኤል ኔጌቭ በረሃ፣ በራሃት ከተማ የሚኖር አንድ የበደዊን ቤተሰብ ከሲሚንቶ ቤቱ ጎን የእንግዳ መቀበያ እንድሠራለት ሲጠይቀኝ ሥራው ቀላል መስሎኝ ነበር። በጅዳ አውሮፕላን ማረፊያ እ.ኤ.አ. በ1981 ለሐጅ ተጓዦች የተዘረጉትን 210 ድንኳን መሰል ጣሪያዎች እና በኳታር ድንኳን መሰሉን የአል በይት ስታዲየም ደጋግሜ አጥንቼ ስለነበር፣ ሁለት ሹል ጫፎች ያሉት ነጭ የፕላስቲክ ሸራ ነድፌ በብረት ምሰሶዎች ላይ ወጠርሁት።

በጋው ሲገባ ከሥሩ መቀመጥ አልተቻለም። የጅዳው ጣሪያ በየጫፉ የሞቀ አየር የሚወጣበት ክፍት ቀለበት አለው፤ እኔ ቅርጹን ብቻ ወስጄ ቀዳዳውን ረስቼው ነበር። በክረምት ማለዳ ደግሞ ጤዛው ከሸራው የውስጥ ገጽ እየተንጠባጠበ ምንጣፉን አራሰው። የቤቱ ባለቤት አዛውንቱ «ያምራል» ብለውኝ ሲያበቁ የቡና ጀበናቸውን ይዘው ወደ ዛፉ ጥላ ሄዱ።

መፍትሔውን ያሳዩኝ የአዛውንቱ ሚስት ናቸው። በዐረብኛ «በይት አሽ ሻዕር»፣ ማለትም የጠጉር ቤት ከሚባለው አሮጌ ድንኳናቸው አንድ ቁራጭ ከጎተራ አውጥተው ጉልበቴ ላይ ዘረጉና አንድ ሲኒ ውኃ አፈሰሱበት። ጨርቁ ሲዳስሱት የመንዝን ባና ያስታውሳል፣ ግን ይበልጥ ይሻክራል። መጀመሪያ ጥቂት ጠብታ ሱሪዬ ላይ አለፈ፤ ወዲያው የፍየሉ ጠጉር አብጦ በድርና በማጉ መካከል ያለውን ክፍተት ሲዘጋው የቀረው ውኃ ከላይ ተንከባልሎ ወረደ። ሲደርቅ ክፍተቱ ተመልሶ ስለሚከፈት ሙቀቱ በዚያው ይወጣል። ጣሪያው ከጠባብና ረጃጅም ጨርቆች የተሰፋ በመሆኑ ያረጀው ወደ ዳር እየወጣ አዲሱ መሐል ይገባል እንጂ ድንኳኑ በሙሉ በአንድ ጊዜ አይጣልም።

ሸራውን አወረድሁት። ጣሪያውን ሙሉ በሙሉ በጠጉር ለመሥራት ግን አቅም አልነበረም፤ የፍየሎችን ግጦሽ የገደበው እ.ኤ.አ. የ1950 የእስራኤል ሕግ እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ድረስ ጸንቶ ስለቆየ ጥቁሩ ፍየል በአካባቢው ተመናምኗል፣ የሚፈትሉ እጆችም ጥቂት ናቸው። ስለዚህ እንግዳ በሚቀመጥበት መሐል የጠጉር ጨርቅ፣ በዳር በዳር ደግሞ ገበሬዎች ለችግኝ ጥላ የሚጠቀሙበትን መረብ በተመሳሳይ ስፋት ቆርጬ በገመድ አያያዝሁ። የኋላው መጋረጃም ነፋሱ በመጣበት በኩል እንዲዞር በቋሚነት አላሰርሁትም።

አንድ ነገር ግን አልለቅ ብዬ ነበር፦ አውታሩን በብረት ሽቦ አጥብቄ ኮንክሪት ውስጥ ቀበርሁት። በመጀመሪያው ብርቱ ነፋስ የአንዱ ማዕዘን ቀለበት ጨርቁን ቀዶ ወጣ። አዛውንቱ፣ «ልጄ፣ ነፋስ ሲመጣ ምሰሶው ዝቅ ይላል፤ ያንተ ግን እንዴት ዝቅ ይበል?» አሉኝ። ለዓመታት ስሌት ስሠራ ነፋስን የምቋቋመው ኃይል አድርጌ ብቻ ነበር የማየው። አሁን አውታሩ ገመድ ነው፣ ካስማውም ከመሬት ይነቀላል፤ ምሰሶዎቹን በሦስት ደረጃ ከፍና ዝቅ የሚያደርጉ ቀዳዳዎች አበጀሁላቸው።

ጠጉሩና መረቡ በሚገናኙበት ላይ ዝናቡ አሁንም ይገባል፤ እናትየው ከሥሩ ባልዲ አስቀምጠዋል። ከሚመጣው ክረምት በፊት ጠጉሩን በመረቡ ላይ አንድ ክንድ ያህል ደርቤ ለመስፋት ተስማምተናል።