ሜትር ይዤ መኪና ስመርጥ የተማርኩት

ከዚህ በፊት የነበረችኝን መኪና የገዛሁት ለአምስት ደቂቃ ያህል ብቻ ተቀምጬባት ነው። ወንበሯ ሰውነትን ወደ ውስጥ ዋጥ የሚያደርግ ለስላሳ ስለነበረ ምቾት ማለት ይህ ነው ብዬ አመንኩ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ለአራት ሰዓት ያህል ስነዳት ከወገቤ በታች ደነዘዘኝ፤ ከኋላ የተቀመጡት እናቴም ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ደግፈው፣ በሰው እርዳታ ነበር የወረዱት። ያቺን መኪና ለመለወጥ ስወስን ሁለተኛውን ምርጫ በዓይን ግምት እንደማላደርገው ለራሴ ቃል ገባሁ።

እኛ አምስት ነን። እኔና ባለቤቴ፣ ቁመቱ 1.84 ሜትር የደረሰ ወንድ ልጄ፣ ገና በሕፃናት ወንበር የምትታሰር ታናሽ እኅቱ፣ እንዲሁም የጉልበት ሕመም ያለባቸው እናቴ። መኪናው ለእነዚህ ሁሉ መመቸት ስላለበት ፍለጋዬን የጀመርኩት አምራቾች በሚያወጧቸው የመጠን ሰንጠረዦች ነበር፤ የመጀመሪያው ስሕተቴም እዚያው ላይ ተፈጸመ። የእግር ቦታ ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር በጉልበትና ከፊት ባለው ወንበር መካከል የሚቀረው ክፍተት ይመስለኝ ነበር። በተግባር ግን ከዳሌ መገጣጠሚያ እስከ ቁርጭምጭሚት በቀጥታ ተለክቶ 254 ሚሊሜትር የሚደመርበት ርዝመት ነው። ስለዚህ እግርን ወደ ፊት ዘርግቶ ዝቅ ብሎ የሚያስቀምጥ መኪናና ጉልበትን አጥፎ ከፍ አድርጎ የሚያስቀምጥ መኪና፣ አቀማመጣቸው ፈጽሞ የተለያየ ሆኖ ሳለ፣ ተመሳሳይ ቁጥር ሊኖራቸው ይችላል። የመደብ ስሞችም ቢሆኑ ብዙ አይረዱም፤ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ሴዳኖችን (የዕቃ ቦታቸው ከኋላ ለብቻው የተለየ መኪኖችን) በመጠን ሲመድብ የሰውና የዕቃ ቦታን ደምሮ ከ110 እስከ 119 ኪዩቢክ ጫማ የሆነውን መካከለኛ፣ ከ120 ጀምሮ ያለውን ትልቅ ይለዋል፤ ነገር ግን ከዚያ ድምር ውስጥ ስንቱ የጉልበት፣ ስንቱ የሻንጣ እንደሆነ ከስሙ አይታወቅም።

ስለዚህ ሰንጠረዡን ትቼ ሜትርና ደብተር ያዝኩ። በየመኪናው በመጀመሪያ የነጂውን ወንበር ለራሴ ቁመት አስተካክላለሁ፤ ከዚያ ሳልነካው በቀጥታ ከኋላው ሄጄ እቀመጣለሁ። ከራሴ በስተኋላ ስቀመጥ ጉልበቴ ፊት የሚቀረውን ክፍተት፣ ከጭንቅላቴ እስከ ጣሪያው ያለውን ርቀት፣ ከመኪናው ወለል እስከ መቀመጫው የፊት ጠርዝ ያለውን ከፍታና ከመሬት እስከ መቀመጫው ያለውን ከፍታ እመዘግባለሁ። ከእነዚህ ሁሉ መጀመሪያ ላይ የናቅኩት፣ በመጨረሻ ግን ከሁሉም በላይ የፈረደው፣ ከወለል እስከ መቀመጫ ያለው ከፍታ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። መቀመጫው ለወለሉ በጣም ሲቀርብ ጉልበት ሽቅብ ይነሣል፤ ጭን ከመቀመጫው ይለቃል፤ የሰውነት ክብደት በሙሉ በሁለቱ የመቀመጫ አጥንቶች ላይ ይወድቃል። ያየሁት ሴዳን ከውጭ ሲታይ ረጅም ነበር፤ ከጉልበቴ ፊትም 14 ሴንቲሜትር ክፍተት አገኘሁበት። ይሁን እንጂ የኋላ መቀመጫው ከወለሉ የሚርቀው 26 ሴንቲሜትር ብቻ ስለነበር ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መቁነጥነጥ ጀመርኩ። ወደ ኋላ የሚያዘቀዝቀው ጣሪያም የልጄን ፀጉር ነካው። ከሴዳኑ በግማሽ ሜትር ያህል የምታጥረው ትንሽ ሃችባክ (የኋላ በሯ ከነመስታወቱ ወደ ላይ የሚከፈት መኪና) ደግሞ የጉልበት ክፍተቷ 9 ሴንቲሜትር ብቻ ሆኖ ሳለ፣ መቀመጫዋ 34 ሴንቲሜትር ከፍ ስለሚል ጭኔን ሙሉ በሙሉ ደገፈችው። እኔ በግሌ ረጅም መንገድ ከሴዳኑ ይልቅ በእርሷ የኋላ ወንበር ብሄድ እመርጣለሁ።

ትንሽ መኪና ይህን ያህል ቦታ የሚያገኘው ሞተሩ አግድም ተቀምጦ የፊት ጎማዎችን ስለሚያንቀሳቅስ ነው። አሌክ ኢሲጎኒስ የነደፋት፣ በ1959 እ.ኤ.አ. የወጣችው ሚኒ ከ3 ሜትር ብዙም ባልበለጠ ርዝመት አራት አዋቂዎችን የያዘችው በዚሁ ዘዴ ነበር። ሞተሩ በቁመት ተቀምጦ ኃይል ወደ ኋላ ጎማ በሚሄድበት መኪና ግን ዘንጉ የሚያልፍበት ጉብታ ወለሉን ለሁለት ስለሚከፍለው፣ መካከል የሚቀመጠው ሰው እግሩን የሚያሳርፍበት አጥቶ ግራና ቀኝ ያንፈራጥጣል።

ትልቁ ኤስዩቪ ብዙ ተስፋ ያደረግኩበት ነበር። ሁለተኛው ረድፍ በእውነት ሰፊ ነው፤ ሦስተኛው ረድፍ ግን የኋላው አክስል ካለበት በላይ ስለሚያርፍ ወለሉ ከፍ ይላል፣ የልጄም ጉልበት ደረቱ አጠገብ ደረሰ። ከሁሉ የከፋው መግቢያው ነው። ከመሬት እስከ መቀመጫው 81 ሴንቲሜትር ስለነበረ እናቴ መርገጫው ላይ አንድ እግራቸውን አድርገው ቆሙና፣ «ልጄ፣ ይህንስ አልችለውም» ብለው ተመለሱ። ያን ቀን ሜትሩን አጥፌ ወደ ቤት ተመለስኩ። በደብል ጋቢና ፒክአፕ ላይ ብዙ አልቆየሁም፤ የኋላ መደገፊያው ከጭነቱ ሳጥን ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ቀጥ ስለሚል፣ መቀመጫውም አጭር ስለሆነ፣ ለአጭር መንገድ እንጂ ለእኛ ጉዞ አይሆንም። በኤሌክትሪክ መኪናው ውስጥ ደግሞ ወለሉ ሜዳ ሆኖ ደስ ቢለኝም፣ ባትሪው ከሥሩ ስለተነጠፈ እግሬ ከፍ አለ፤ የሴዳኑ ችግር በሌላ መንገድ ተመልሶ መጣ። አንዳንድ አምራቾች ይህንን ተገንዝበዋል፤ ፖርሽ ታይካን በተባለው የኤሌክትሪክ መኪናው ከኋላ ተሳፋሪ እግር በታች ባትሪውን አጉድሎ የሠራው ለዚህ ነው።

ስለ ወንበሩ ምቾት የተማርኩት ደግሞ ጊዜን የሚጠይቅ ነገር ነው። ልስላሴ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ያስደስታል፤ ስፖንጁ በክብደት ታምቆ እስከ ታችኛው ጠንካራ ክፍል ሲወርድ ግን የሚቀረው ጥርብ እንጨት ላይ የመቀመጥ ያህል ነው። ስለዚህ ወንበሩን በጡጫዬ ጫን ብዬ የታችኛው ጠንካራ ክፍል የሚሰማኝ መሆን አለመሆኑን እፈትሻለሁ፤ ከዚያም መኪናው ቆሞም ቢሆን ግማሽ ሰዓት ሙሉ እቀመጣለሁ። ሻጮች በዚህ ትዕግሥታቸው ሲያልቅ አይቻለሁ፤ ቢሆንም ይቅርታ ጠይቄ ቀጥያለሁ። ከጉልበቴ ጀርባና ከመቀመጫው ጠርዝ መካከል ሁለት ወይም ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለ ርዝመቱ ልክ ነው፤ ከዚያ በጣም ከበዛ ጭን ድጋፍ ያጣል፤ ጠርዙ ጉልበትን ከነካ ደግሞ እግር ይደነዝዛል። ወገብን በተመለከተ፣ ስዊድናዊው የአጥንት ሐኪም አልፍ ናኬምሰን ከባልደረቦቹ ጋር በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ባለው ዲስክ ውስጥ ያለውን ግፊት ለክቶ፣ ያለ ድጋፍ መቀመጥ ከመቆም የበለጠ ግፊት እንደሚፈጥር፣ ወደ ኋላ ጋደል ማለትና የወገብ ድጋፍ ደግሞ እንደሚቀንሱት አሳይቷል። ይህን ካወቅኩ በኋላ መደገፊያውን ከቀጥታው ትንሽ ወደ ኋላ አጋድዬ፣ መሪውን ወደ ራሴ ሳብኩ፤ የራስ መደገፊያውም ጫፍ ቢያንስ እስከ ጆሮዬ የላይኛው ጫፍ መድረሱን ማየት ልማድ አደረግኩ።

አንድ ትልቅ ነገር ግን ዘንግቼ ነበር፤ የሴት ልጄን ወንበር ይዤ አልሄድኩም። በሦስተኛው ሳምንት ይዤው ስሄድ፣ ፊቷን ወደ ኋላ አድርጎ የሚያስቀምጣት ይህ ወንበር ሃችባኳ ውስጥ ሲታሰር የፊተኛውን ወንበር 11 ሴንቲሜትር ወደ ፊት ገፋው፤ የባለቤቴም ጉልበት ከዳሽቦርዱ ጋር ተጋጨ። የሕፃናት ወንበር ከመኪናው አካል ጋር የሚያያዝባቸው የአይሶፊክስ ማሰሪያዎችም በሁለቱ ዳር መቀመጫዎች ላይ ብቻ ስለነበሩ እናቴ ወደ መካከለኛው ጠባብ ቦታ ተገፉ። እስከዚያ ቀን በቀዳሚነት ይዣት የነበረችው መኪና በአንድ ከሰዓት ከዝርዝሩ ወጣች።

በመጨረሻ የቀረው፣ ሳየው ብዙም ያላማረኝ፣ ተንሸራታች በር ያለው የቤተሰብ ቫን ነበር። የሁለተኛው ረድፍ መቀመጫ ከመሬት 66 ሴንቲሜትር ከፍ ይላል፤ ይህም ከእናቴ ጉልበት በላይ፣ ከዳሌያቸው በታች ስለሆነ፣ ጎንበስ ሳይሉ ሳይንጠላጠሉም ጀርባቸውን አዙረው ቁጭ አሉና እግራቸውን አስገቡ። ወለሉ ሜዳ ነው፤ ከወለል እስከ መቀመጫውም 37 ሴንቲሜትር ነው። ለአንድ ቀን ተከራይቼው ያንኑ የአራት ሰዓት መንገድ ከሄድን በኋላ ገዛነው። ልጄ ግን ሦስተኛው ረድፍ ላይ እግሩን ለመዘርጋት አሁንም ወደ ጎን ዘወር ብሎ ይቀመጣል። በደብተሬ ከዚያ ወንበር አንጻር ከወለል እስከ መቀመጫ 28 ሴንቲሜትር ብዬ አስቀድሜ ስለጻፍኩ፣ ይህ ሳልገዛው በፊት አውቄና ከእርሱ ጋር ተነጋግረን የተቀበልነው ጉድለት ነው።