በመጨረሻ ስትበላ አየኋት

ትናንት ማታ ፓራሚሲየም የምትባል ትንሽዬ የውሃ ፍጥረት እርሾ ስትውጥ በማይክሮስኮፕ አየሁ! አንድ ሴል ብቻ ሆና የምግብ መግቢያ አላት ሲባል ሰምቼ ነበር። በዓይኔ ሳየው ግን ከወንበሬ ተነሳሁ።

ምግባቸውን ራሳቸው የማያዘጋጁ ፍጥረታት እንዴት እንደሚመገቡ ራሴን ማስተማር ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆነኝ። መጀመሪያው ቀላል ነበር። ሻጋታ ምግብ የሚፈጭ ኢንዛይሙን ወደ ውጭ ያመነጫል፤ ምግቡ እዚያው ውጭ ይፈጫል፤ ከዚያ ይመጠዋል። የኮሶ ትል ደግሞ አፍም አንጀትም የለውም፤ አንጀታችን ውስጥ ተጣብቆ የተፈጨውን በገላው ይመጣል። ይህን ያነበብኩት እየበላሁ ነበር፤ አልመክርም።

ፓራሚሲየም ላይ ስደርስ ግን ሥራዬ ቆመ። እሷ ግን አልቆም አለች! ሰውነቷን በሸፈኑት ሲሊያ የሚባሉ ፀጉር መሰል ነገሮች እየቀዘፈች ትሮጣለች፤ ገና ትኩረቱን ሳስተካክል የለችም። የጥጥ ክር አስገባሁ፤ ተሽሎክሉካ አለፈች። እሷ ያለችበት መስታወት (ስላይዱ) ትንሽ ይድረቅ ብዬ ጠበቅኩ፤ ገደልኳት። ከዚያ ውሃውን የሚያወፍር ሜቲል ሴሉሎስ አገኘሁ። ዝግ አለች፤ ግን አትበላም። ምግቡን ወደ አፏ የሚነዱትም እነዚያው ሲሊያዎች ናቸዋ! እነሱን አስሬ ብዪ እላታለሁ።

ሁለት ሳምንት የፈጀብኝ ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ በተራ ውሃ ትብላ፣ ማወፈሪያው ከዚያ በኋላ ይግባ።

እርሾውን ኮንጎ ሬድ ከሚባል ቀለም ጋር አፈላዋለሁ። ቀለሙ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ሲወርድ አሲዱ ይበረታል) ከ5 በላይ ሲሆን ቀይ ነው፤ ከ3 ሲወርድ ሰማያዊ ይሆናል። የዋጠችው እርሾ በትንንሽ ከረጢቶች ተቋጥሮ ሆዷ ውስጥ (ሆድ ካልነው) ሲዞር ይታያል። ከረጢቱ አሲድ ሲሞላ ቀዩ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል። ስንት ደቂቃ እንደፈጀ አትጠይቁኝ፤ ሰዓት መያዝ ረስቻለሁ።

ሥዕል እየገለበጡ ስም መሸምደድ ለእኔ ጊዜ ማባከን ነው። ዓመታት አድርጌዋለሁ፤ የቀረልኝ የቀስቶቹ አቅጣጫ ብቻ ነው። ማጉያውን ደግሞ በ100 እጥፍ ጀምሩ። እኔ በ400 ጀምሬ ባዶ ውሃ ሳይ ከረምኩ። ጓንት አድርጉ፣ ቀለሙ ለጤና ጥሩ አይደለም። የእኔ ጣቶች ግን ሳምንት ሙሉ ቀይ ነበሩ።

ያልተፈጨውን የምታስወጣበትን ቦታ እስካሁን አላየሁም። አንዴ ያየሁ መስሎኝ ጮኼ ነበር። የራሴ ሽፋሽፍት ነው።