«ቢሆንስ?»፦ የዒድ መልእክት

ውድ ጓደኞቼ፣ እዚህ የምትከታተሉኝም ሁሉ፣ እንኳን ለዒድ አልፈጥር በሰላም አደረሳችሁ። ጾማችንን፣ ሶላታችንን፣ ዱዓችንን አላህ ይቀበለን። ሙስሊም ሳትሆኑ ገና በጠዋቱ «እንኳን አደረሰሽ» ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። እንዴት ደስ እንዳላችሁኝ! አላህ ያክብርልኝ።

መልካም ምኞቴን በሁለት መስመር ጽፌ ልጨርስ ነበር። ግን ረመዷኑን ሙሉ ውስጤ ሲብላላ የከረመ ነገር አለ፤ ዛሬ ላውጣው።

ከዓመታት በፊት ነው። አብራኝ የምትሠራ፣ በጣም የምወዳት ልጅ ምሳ እንብላ ስትለኝ ጾመኛ ነኝ አልኳት። ገርሟት አየችኝ። ከዚያ ፈገግ ብላ «ውይ፣ አንቺ እኮ ሙስሊም አትመስይም!» አለችኝ።

ክፋት አልነበረባትም። እያደነቀችኝ ነበር። እኔ ደግሞ ምን ብል ጥሩ ነው? «አመሰግናለሁ» አልኩ።

እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ የእሷ ቃል አይደለም፤ የእኔ ምስጋና ነው። «አትመስይም» ማለት እኮ «እነሱ መጥፎ ናቸው፣ አንቺ ግን ደህና ነሽ» ማለት ነው። እኔም ያንን ተቀብዬ፣ እናቴንም አባቴንም እዚያው «እነሱ» ውስጥ ትቻቸው ወጣሁ።

ይህን ሳስብ ሁሌ ትዝ የሚለኝ የ2008ቱ የአሜሪካ ምርጫ ነው (ቀኖቹንም ዓመቶቹንም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ባራክ ኦባማ ድብቅ ሙስሊም ነው የሚል ወሬ በየቦታው ይናፈስ ነበር። ጥቅምት ላይ ሚኒሶታ ውስጥ በተደረገ ስብሰባ አንዲት ሴት ለተፎካካሪው ለጆን ማኬይን «ዓረብ ነው» አለችው። ማኬይን ማይኩን ወሰደባትና «አይደለም እመቤቴ፣ ጨዋ የቤተሰብ ሰው ነው» ብሎ መለሰ። ደጋፊዎቹ እዚያው እያጉረመረሙበት ነው ይህን ያለው። ድፍረቱን አልክድም፣ አከብረዋለሁም። ግን መልሱን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ዓረብ አይደለም፤ ጨዋ ነው። ዓረብ ሆኖ የቤተሰብ ሰው የሆነውስ የት ይግባ?

ከቀናት በኋላ ኮሊን ፓወል ቴሌቪዥን ላይ ቀረበ። የቀድሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር፣ ጄኔራል፣ ጥቁር፣ የማኬይን ፓርቲ ሰው። ኦባማ ክርስቲያን መሆኑን ተናገረ። ከዚያ ግን ትክክለኛው መልስ ሌላ ነው አለ፦ ቢሆንስ? እዚህ አገር ሙስሊም መሆን ነውር ነው እንዴ? አንድ የሰባት ዓመት ሙስሊም ልጅ ፕሬዚዳንት እሆናለሁ ብሎ ቢያስብ ምን ጥፋት አለበት? ቀጥሎም ስላየው ፎቶ ተናገረ። በአርሊንግተን የጦር ሠራዊት መቃብር አንዲት እናት የልጇን የመቃብር ድንጋይ ተደግፋ ነበር። ልጁ 20 ዓመቱ ነበር፤ ወታደር ሆኖ ዒራቅ ውስጥ ነው የሞተው። ድንጋዩ ላይ የተቀረጸው ጨረቃና ኮከብ ነው።

«ቢሆንስ?» አንዲት ቃል ናት። እኔ ያን ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ያጣኋት ቃል።

ቃሏ ስትጠፋ ምን እንደሚሆን ደግሞ አይተናል። መስከረም 15 ቀን 2001፣ ከኒውዮርኩ ጥቃት አራት ቀን በኋላ፣ አሪዞና ውስጥ አንድ የነዳጅ ማደያ ባለቤት ከማደያው ፊት ለፊት ተገደለ። ከህንድ የመነጨው የሲክ እምነት ተከታይ እንጂ ሙስሊም አልነበረም። ጥምጥሙንና ጺሙን ያየ ሰው ነው የተኮሰበት። ወሬው ሲነገር «በስህተት፣ ሙስሊም መስሎት» ይባላል። ይህች «በስህተት» ታመኛለች። ሟቹ እኔ ብሆን ኖሮ ስህተት አይደለም ማለት ነው?

መጋቢት 15 ቀን 2019 ገዳዩ አልተሳሳተም። በኒውዚላንድ፣ ክራይስትቸርች፣ ሁለት መስጊዶች ውስጥ ለጁሙዓ በተሰበሰቡ ሰዎች ላይ ተኮሰ። 51 ሰዎች ሞቱ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2022 ያንን ዕለት በእስልምና ጥላቻ ላይ የሚታገሉበት ዓለም አቀፍ ቀን ብሎ ሰይሞታል።

ዛሬም ሥልጣን ላይ የሚወጣ ሙስሊም ያንኑ ጥያቄ ይጠየቃል። ዞህራን ማምዳኒ በ2025 ለኒውዮርክ ከንቲባነት ሲወዳደር፣ ፖለቲካ ሲጀምር አንድ ሙስሊም አጎት ፈገግ ብለው የመከሩትን ተናግሮ ነበር። ሙስሊም መሆንህን ለሰው መንገር የለብህም አሉት። ምክሩን ስሰማ አልተናደድኩም። አዘንኩ። እኚያ ሰው ጠላት አይደሉም፤ ልጁን የሚወዱ፣ ዓለምን የሚያውቁ ሰው ናቸው። እኔም ለታናናሾቼ ስንቴ እንደዚያ መክሬያለሁ! ማምዳኒ ሳይደብቅ ተወዳድሮ አሸነፈ።

ግን ጣቴን ወደ ውጭ ብቻ ብቀስር ጾሜን ያበላሸሁት ይመስለኛል። አቡ ዘር የተባሉት ሶሓባ (የነቢዩ ባልደረባ) አንድን ሰው በእናቱ ሰደቡት። በአንዳንድ ዘገባ የተሰደበው ጥቁሩ ሶሓባ ሰይዲና ቢላል ነው፤ ስድቡም «የጥቁር ሴት ልጅ» የሚል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አቡ ዘርን የጃሂሊያ (ከእስልምና በፊት የነበረው የድንቁርና ዘመን) ጠባይ ያለብህ ሰው ነህ አሏቸው። ትልቅ ሶሓባ ናቸው፤ ቢሆንም አላለፏቸውም። እኛስ? ሰፍ (የሶላት ሰልፍ) ላይ ትከሻ ለትከሻ ገጥመን እንሰግዳለን። ጋብቻ ሲመጣ የቆዳ ቀለም እንመርጣለን፤ ዘር እንቆጥራለን። አዛን የሰማነው መጀመሪያ ከቢላል አፍ መሆኑን እየነገርን፣ ቢላልን የሚመስል ልጅ እህታችንን ሲጠይቅ «ሰውየው ጥሩ ነው፣ ግን...» እንላለን። ያቺ «ግን» እና ያቺ «አትመስይም» እህትማማቾች ናቸው።

ያቺ የሥራ ባልደረባዬ በየዒዱ መልእክት ሳትልክልኝ ቀርታ አታውቅም። ዛሬም ከዒድ ሶላት መልስ ስልኬን ስከፍት የመጀመሪያዋ እሷ ነበረች። ይህን ጽሑፍ ለእሷም እልክላታለሁ።

እህቴ፣ አልተቀየምኩሽም። ያን ቀን የመለስኩልሽን መልስ ግን ልቀይረው። እመስላለሁ። ሙስሊም እኔንም ይመስላል።

ዒድ ሙባረክ።