የአባቷ መዝገብ፦ ከሻርጃ ወደ ኬራላ

የጓደኛዬ አባት ያረፉት ሥራ ላይ እያለን ነው። እሷ ላይ ሕሙማን ክፍል ተረኛ ነበረች፣ እኔ ታች ላቦራቶሪ። ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ ደረጃውን ስትወርድ ሳያት ሳትነግረኝ ገባኝ። ከአገሩ ርቆ የኖረ ሰው ያንን አያያዝ ያውቀዋል።

ሁላችንም ቼቺ ነው የምንላት። በእነሱ ቋንቋ፣ በማላያላም፣ ታላቅ እህት ማለት ነው። ከደቡብ ሕንድ፣ ከኬራላ የመጣች ነርስ ናት፤ ዓረብ ኤምሬትስ፣ ሻርጃ ከገባች 14 ዓመት አልፏታል። እኔ ከደብረ ብርሃን መጥቼ እዚያ ሆስፒታል ስቀጠር፣ ሰው አላውቅ፣ አረብኛ አልችል፣ ምሳዬን ይዤ ጥግ ስፈልግ ያገኘችኝ እሷ ናት። "በልተሻል?" አለችኝ። እስከ ዛሬም ሰላምታዋ ይኸው ነው፤ እንደምን አደርሽ ከማለቷ በፊት በልተሻል ትላለች።

ለአባቷ ቀብር አልደረሰችም። ፓስፖርቷ ለእድሳት ገብቶ ገና አልወጣም ነበር። ዶሃ የሚሠራው ወንድሟ እስኪገባ አስከሬኑ ሁለት ቀን ሆስፒታል ማቀዝቀዣ ውስጥ ቆየ። በኬራላ ይህ የተለመደ ነው፤ ልጅ ከውጭ እስኪደርስ ይጠበቃል። ላልደረሰው ደግሞ ባለካሜራ ተቀጥሮ ቀብሩን በቀጥታ ያስተላልፋል። እኛም በነርሶች ማረፊያ ክፍል፣ ስልኩን የጓንት ካርቶን ላይ አስደግፈን ተከታተልን። ኔትወርኩ ሁለት ጊዜ ተቆረጠ። በሁለተኛው ሲመለስ መቃብሩ ተዘግቶ ነበር። ቼቺ አላለቀሰችም። ተነሥታ ፊቷን ታጥባ ወደ በሽተኞቿ ወጣች።

"ለአርባቸው እሄዳለሁ፤ አብረሽኝ ነይ" ያለችኝ ከሳምንት በኋላ ነው። እናንተም አርባ አላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። አሏቸው። የእሷ ቤተ ክርስቲያን፣ የማላንካራ ኦርቶዶክስ፣ የእኛይቱ እህት ናት። እ.ኤ.አ. በ1965 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የኦሪየንታል ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናትን አዲስ አበባ ላይ ሲሰበስቡ የእነሱም አባቶች መጥተው ነበር። ያን ያህል ጊዜ አብረን ስንሠራ ይህን ተጫውተነው አናውቅም። ፈቃድ ሞላሁ፣ ቪዛዬም ወጣ፣ ሄድን።

አውሮፕላኑ ሌሊት ነው የሚነሣው። ከሻርጃ እስከ ኬራላዋ ከተማ ኮቺ አራት ሰዓት ገደማ ነው። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ብርድ ልብስ በፌስታሉ ተጠቅልሎ ጭኑ ላይ ይዞ እስከ መጨረሻው አልለቀቀውም። እኛ አዲስ አበባ ስንገባ እንደምንይዘው ብርድ ልብስ፣ ያው አበባ ያለበት፣ ያው ወፍራሙ። ቼቺ በሻንጣዋ የያዘችው የዱቄት ወተት፣ ለልጇ ጫማ፣ ለእናቷ የጉልበት ቅባት ነው። በየጊዜው ኪሎውን በልቧ ትደምራለች፤ የተመዘነ ሻንጣ ውስጥ እንኳ የረሳችው ነገር ያለ ይመስላታል።

የኮቺ አውሮፕላን ማረፊያ እ.ኤ.አ. በ1999 የተከፈተው በውጭ የሚኖሩ ሕንዶች ጭምር ገንዘባቸውን አዋጥተውበት ነው። ከ2015 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ሲሆን፣ በዓለም የመጀመሪያው መሆኑን ቼቺ ሁለት ጊዜ ነገረችኝ። አባቷ ድርሻ ነበራቸው። "የአባቴ ጡብ እዚህ ግድግዳ ውስጥ አለ" አለችና ስታልፍ ግድግዳውን በመዳፏ ነካችው። ያኔ ነው እንባዋ የመጣው።

ከዚያ በመኪና በኮታያም አድርገን ወደ ደቡብ ሦስት ሰዓት ተጓዝን። ዝናብ። መንገዱ ግራና ቀኙ ዛፍ ነው፤ ግንዱ አግድም እየተፋቀ ሥሩ ትንሽ ጽዋ የታሰረለት የጎማ ዛፍ፣ ነጩ ወተት ጠብ እያለ የሚጠራቀምበት። ዛፉ ሲያልቅ የወርቅ ቤት ማስታወቂያ፣ ወርቁ ሲያልቅ የነርስ ትምህርት ቤትና ጀርመንኛ የሚያስተምሩ ቤቶች ማስታወቂያ። በመካከል ፎቅ ቤቶች አሉ፤ ሮዝ፣ አረንጓዴ፣ በረንዳቸው በዓምድ የቆመ፣ በራቸው ግን በሰንሰለት የታሰረ። አንዱን አልፈን ሌላውን ስናይ ቼቺ የየቤቱን ባለቤት ትነግረኛለች፦ ይሄ ኩዌት፣ ይሄ ሂዩስተን፣ ይሄ አየርላንድ፣ ይሄኛው ሙስካት። የሰው ስም አልጠራችም። እ.ኤ.አ. በ2023 በተደረገ ጥናት ከኬራላ ውጭ አገር የሚኖረው ሰው 2.2 ሚሊዮን ገደማ ነው። ሕንድ በጠቅላላው ከውጭ ከልጆቿ የምትቀበለው ገንዘብ በ2022 ከ100 ቢሊዮን ዶላር አልፏል፤ ከዚያ በፊት የትኛውም አገር እዚህ ደርሶ አያውቅም። ቢሊዮኑን በዓይነ ሕሊናዬ ማየት አልችልም፤ ዝናብ የሚመታቸው እነዚያ ዓምዶች ግን አሁንም ፊቴ ላይ አሉ።

እናቷ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። እዚያ እናትንም አያትንም አማቺ ይላሉ፤ መጀመሪያ ስሰማው አማት ያለች መስሎኝ ነበር። አማቺ የለበሱት ከላይ እስከ ታች ነጭ ነው፤ እጅጌው አጠር ያለ ሸሚዝና ነጭ ሽርጥ፣ ሽርጡ ከኋላ በጥንቃቄ ታጥፎ ታጥፎ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ። በዕድሜ የገፉ የክርስቲያን ሴቶች ልብስ ነው፤ ወጣቶቹ ትተውታል። ትከሻቸው ላይ ነጠላ ቢጣል የደብረ ብርሃን እናት ናቸው። ጉንጬን ሳሙኝ፣ ፊቴን በእጃቸው ይዘው የሆነ ነገር አሉ። ቼቺ ተረጎመችልኝ፦ "በልተሻል ወይ እያሉሽ ነው።"

የቼቺ ልጅ 12 ዓመቱ ነው። ባሏ አቡ ዳቢ ይሠራል፣ እሷ ሻርጃ፤ ሁለቱም በፈረቃ ነው የሚኖሩት። የሕንድ ትምህርት ቤት ክፍያውና የቤት ኪራዩ ሲደመር ልጁን ከአያቶቹ ጋር መተው ግድ ሆነ፤ አራት ዓመቱ ነበር። በደረስን ማግስት ከሰዓት በኋላ ሁላችን በረንዳ ላይ ሻይ እየጠጣን፣ ልጁ ብስክሌቱን ይዞ ወጣና "ልሂድ?" ብሎ ጠየቀ። የጠየቀው ግን አያቱን ነው። እናቱ መካከላቸው ተቀምጣለች። አማቺ ቶሎ ብለው ወደ ልጃቸው ዞር አሉ፣ አንቺ መልሺለት በሚል ዓይን። ቼቺ "ሂድ" አለችው። ከዚያ ለብዙ ጊዜ የሻይ ኩባያዋን በጣቷ ስታዞረው አየኋት። ስለዚህ ነገር አላወራንም። ቀላል አድርጎ የሚያወራው ሰው ካለ ልጅ ትቶ አያውቅም።

ማታ ግን ልጁ ራሱ መጣ። ደረቱ ላይ የደብተር ክምር አቅፏል፤ 11 ናቸው፣ ጠርዛቸው በጨርቅ የተለበጠ የሒሳብ መዝገብ። የአያቱ ናቸው። አያቱ ኩዌት ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1990 ኢራቅ ኩዌትን ስትወር የያዙትን ሁሉ ትተው በአውቶቡስ በባግዳድ በኩል አማን ገቡ፤ ከዚያ ኤር ኢንዲያ ከ170,000 በላይ ሕንዶችን ካወጣባቸው በረራዎች በአንዱ ቦምቤይ ደረሱ። ባዶ እጃቸውን ነበሩ። በሁለተኛው ዓመት ተመልሰው ሄደው እስከ ጡረታ ሠሩ። አገራቸው ሲገቡ ልጆቹ በተራቸው ወጥተዋል። ያኔ መዝገብ ጀመሩ፤ የገንዘብ አይደለም።

ልጁ የመጀመሪያውን ገለጠው። ገጹ በማስመሪያ፣ በቀይ እስክሪብቶ በአራት ተከፍሏል። ቀን። ማን ደወለ። ከየት። አራተኛውን ዓምድ ልጁ አነበበውና ለእኔ በእንግሊዝኛ ነገረኝ፦ በልተዋል ወይስ አልበሉም።

ሌላ የለም። ምን እንደተወራ አልጻፉም። ዶሃ፣ በልቷል። ሻርጃ፣ በልታለች። ሻርጃ፣ አልበላችም፣ የሌሊት ተረኛ ናት። ቼቺ ከአልጋዋ ወርዳ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እንዲህ ያለ መዝገብ መኖሩን አታውቅም ነበር። አባቷ በየቀኑ በልተሻል ብለው ሲጠይቋት፣ ቸኩላ "በልቻለሁ አቦ" እያለች ስትዘጋው፣ እዚህ እስክሪብቶ ይዘው ይጠብቁ ነበር። የኦገስት 2018ን ገጽ ፈለገች። ኬራላ በጎርፍ የተጥለቀለቀችበት ወር ነው፤ የኮቺ አውሮፕላን ማረፊያም ለሁለት ሳምንት ተዘግቶ ነበር። አራት ቀን ባዶ ነው፤ መስመሩ ግን ተሠምሯል፣ ቀኑም ተጽፏል። በአምስተኛው ቀን፦ ሻርጃ፣ ሳልጠይቃት ዘጋች፣ እያለቀሰች ነበር።

የመጨረሻው መዝገብ ላይ የእሳቸው ጽሑፍ ይቆምና ከሦስት ቀን በኋላ በእርሳስ ይቀጥላል። አማቺ ናቸው የቀጠሉት።

አርባው እሑድ ዋለ። ጫማችንን አውልቀን፣ ራሳችንን ተከናንበን ገባን፤ ሴቶች በአንድ በኩል፣ ወንዶች በሌላው። ቅዳሴያቸውን ኩርባና ይሉታል፤ የእኛው ቁርባን ነው፣ ሁለታችንም የወሰድነው ከአንድ ምንጭ ነው። ማላያላሙ አንዲት ቃል አልገባኝም። ድንገት ግን ሕዝቡ "ኩርየላይሶን" ሲል አፌ ቀድሞኝ "ኪርያላይሶን" አለ። አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ዞር ብለው አዩኝና ክንዴን ያዙ፤ እስከ መጨረሻው አልለቀቁኝም። ከዚያ ካህኑ ዕጣኑን ይዘው መቃብሩ ላይ ጸለዩ። ቼቺ ስልክ ላይ ተቆርጦባት የነበረውን ቦታ እዚያ ቆማ አገኘችው።

ቤት ተመልሰን በሙዝ ቅጠል ላይ ሩዝ እየተበላ ሳለ አንድ ሽማግሌ በከዘራ ወደ እኔ መጡ። ጎረቤት ናቸው። "ጤና ይስጥልኝ። እንደምን አለሽ?" አሉኝ፤ በጥርት ያለ አማርኛ። ማንኪያው ከእጄ ሊወድቅ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1975 ጎሬ ሒሳብ አስተምረዋል። አማርኛቸው ቶሎ አለቀና ወደ እንግሊዝኛ ዞሩ። "ያኔ ገልፍ የሚባል ነገር የለም" አሉኝ፤ የባሕረ ሰላጤውን የዓረብ አገሮች ማለታቸው ነው። "ከዚህ አካባቢ ዲግሪ የያዘ ሁሉ ወደ እናንተ ነበር የሚሄደው። ገልፋችን ኢትዮጵያ ነበረች።"

ከደሞዛቸው ሁለት እህት ድረዋል፣ ይህን ቤታቸውን ጀምረዋል። ደብዳቤ ሦስት ሳምንት ይፈጅ ነበር። እናታቸው ሲያርፉ ቴሌግራሙ የደረሳቸው ከተቀበሩ ከ11 ቀን በኋላ ነው። "ምን አደረጉ?" አልኳቸው። "ክፍል ገባሁ። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች እየጠበቁኝ ነበር" አሉ። ለማንም አልተናገሩም። ቼቺ ከአጠገባችን ቆማ ትሰማ ነበር። ፊቷን ታጥባ ወደ በሽተኞቿ የወጣችውን ዕለት አስታወስኩ።

የእኔም እናት ደብረ ብርሃን ስትማር ያስተማራት ሕንዳዊ ነው። ልጅነቴን በሙሉ ስለ እሱ ሰምቻለሁ፤ ጠመኔ ሳያነሣ ሰሌዳውን በሙሉ እንደሚሞላ፣ ስህተት ሲያይ ራሱን ግራና ቀኝ እንደሚነቀንቅ፣ እንዳይበርደው ካቦርት ላይ ፎጣ እንደሚደርብ። እናት እንዳለው አስቤ አላውቅም። ሽማግሌው ሲሄዱ ወደ በረንዳው ወጥቼ ለእናቴ ደወልኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ነው ልዩነቱ፤ ገና ከቤተ ክርስቲያን መመለሷ ነበር።

"እማዬ፣ ያ ሕንዳዊ አስተማሪሽ ልጅ ነበረው? ሚስት?"

"መቼ ጠይቀነው" አለች። ቆይታ፣ "በእረፍት ሰዓት ባሕር ዛፉ ሥር ቆሞ ሰማያዊ ወረቀት ያነብ ነበር። አንዳንዴ ያንኑ ወረቀት ሳምንት ሙሉ። እኛ የፈተና ውጤት መስሎን ስናየው እንበተን ነበር። ደብዳቤ ኖሯል እንዴ?"

ስዘጋ አማቺ ከኋላዬ መዝገቡን ይዘው ቆመዋል። ማን ነው ብለው በእጃቸው ጠየቁኝ። "እማዬ፣ ደብረ ብርሃን" አልኩ። ቼቺ ቃሉን ቀስ ብላ ደጋገመችላቸው። ወንበር ስበው ተቀመጡ፣ እርሳሱን በምላሳቸው ነክተው ቀኑን ጻፉ፣ ከሱ ቀጥሎ የእናቴን ቦታ፣ የከተማዋን ስም በማላያላም ፊደል ፊደል በፊደል። አራተኛው ዓምድ ጋ ሲደርሱ እርሳሱን አቁመው ቀና ብለው አዩኝ።

አልጠየቅኳትም ነበር። ስልኩን አውጥቼ እንደገና ደወልኩ።