ከባይደዋ ስንወጣ ንብረት እንዴት እንዳስረከብኩ፣ ጄኔሬተሩም እንዴት እስከ ጅማ እንደተከተለኝ

ጦር ከሰው አገር ሲወጣ ሁሉም የሚጨነቀው ለወታደሩና ለጥይቱ ነው። ለጄኔሬተር የሚጨነቅ የለም። እኔን ግን ዓመታት ያሳደደኝ ጄኔሬተር ነው። ይህንን የምጽፈው፣ በቅርቡ ከሶማሊያ ግዳጁን ጨርሶ የተመለሰ የጎረቤቴ ልጅ «ጋሼ፣ ንብረት አወራርድ ተብያለሁ፤ ከየት ልጀምር?» ብሎ ስለጠየቀኝ ነው። እኔ በተራዬ የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም።

በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም ጦራችን ሞቃዲሾ ሲገባ ወሬው ሁሉ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እንደምንመለስ ነበር። ይተካችኋል የተባለው የአፍሪካ ኅብረት ጦር 8,000 ይሆናል ተባለ፤ ከኡጋንዳና ከቡሩንዲ የመጣው ግን ሁለት ዓመት ቆይቶም የዚያን ግማሽ አልሞላም። በ2000 ዓ.ም የሶማሊያ የሽግግር መንግሥትና ከተቃዋሚዎቹ አንዱ ክንፍ ጅቡቲ ላይ ሲስማሙ፣ የእኛ መውጣት ከስምምነቱ ነጥቦች አንዱ ሆነ። በጥር 2001 ከሞቃዲሾ ተወጣ፤ እኛ ያለንበት የሶማሊያ ከተማ ባይደዋ ደግሞ በዚያው ወር ከጥምቀት በኋላ ተለቀቀ። እኔ በማዕረግ ሃምሳ አለቃ፣ በሥራ የሻለቃው ንብረት ያዥ ነበርኩ።

ጭነቱ ቀላል ነበር። ጥይትና የቡድን መሣሪያ በመጀመሪያው ቅፍለት፣ ስንቅ ቀጥሎ፣ ወጥ ቤቱ በመጨረሻ። መንገዱ በሉቅ በኩል ወደ ድንበሩ፣ ወደ ዶሎ ነው። ፈንጂ አሳሾች ከፊት፣ የጭነት ኦራሎቹ ከኋላ። ስለዚህ ብዙ የምለው የለኝም።

የመውጫው ቀን ምስጢር ነው ተብሎ ነበር። በካምፑ በር የግመል ወተት የምትሸጥልን ሴት ግን ዱቤ ያቆመችው ትእዛዙ ለእኔ ከመድረሱ በፊት ነው። ቢጫ ጄሪካኗን ከኋላዋ አድርጋ፣ እጇን ዘርግታ፣ የቀረባትን ሒሳብ ከእያንዳንዱ ወታደር በስሙ እየጠራች ለቀመች። አንድም አልዘለለችም፤ ደብተር ደግሞ አልያዘችም። ከእሷ በኋላ ሻይ ቤቱ፣ ከሻይ ቤቱ በኋላ ልብስ አጣቢው ሒሳብ ዝጉ አሉን። እኔም ያን ዕለት ንብረት ማስረከብ ልጀምር ብዬ ለአለቆቼ አመለከትኩ። «ትእዛዝ ሲመጣ» ተባልኩ። ትእዛዙ ሲመጣ የሚረከበን ሰው አልነበረም።

ሊጫኑ የማይችሉ፣ ቢጫኑም ቦታ የሚያጣብቡ ዕቃዎች ነበሩ፦ ሮቶዎች፣ ቆርቆሮ፣ የብረት አልጋዎች፣ ከሁሉም በላይ በኮንክሪት መደብ ላይ በብሎን የታሰረው ጄኔሬተር። መመሪያው ዕቃው ለሽግግር መንግሥቱ ጦር በንብረት ወጪ ማድረጊያው ቅጽ፣ በሞዴል 22 ወጪ ይደረግ፣ ተረካቢው ይፈርም፣ ማኅተም ያሳርፍ ይላል። ወረቀት ላይ የሚያምር ነገር ነው። ተረካቢ ሆኖ የተመደበው መኮንን ትሑት፣ ዝምተኛ ሰው ነበር፤ ወታደሮቹ ደመወዝ ካገኙ ወራት አልፈዋቸዋል። ጄኔሬተሩን ዙሪያውን ዞሮ አየውና በአስተርጓሚ «ነዳጁስ?» አለኝ። ነዳጅ በዝርዝሩ ውስጥ የለም አልኩት። ሳቀ። ነገ ማኅተሙን ይዤ እመጣለሁ ብሎ ሄደ፤ በዚያው ቀረ። ሰው ስንልክ ቤቱ ተቆልፏል። ዩኒፎርሙን አውልቆ ወደ ወገኖቹ ሄዷል አሉን። አልፈረድኩበትም። እኛ ስንወጣ ማን እንደሚገባ ከእኔ በተሻለ ያውቅ ነበር።

ማኅተም ፍለጋ ፓርላማቸው ድረስ ሄድኩ። የሚሰበሰቡት ቀድሞ የእህል መጋዘን በነበረ ሕንፃ ውስጥ ነው። በሩ ላይ ያገኘሁት ጸሐፊ፣ የሚፈርሙት ሁሉ አዲስ ፕሬዚዳንት ሊመርጡ ጅቡቲ ናቸው አለኝ። እውነቱን ነበር፤ ምርጫውም እዚያው ጅቡቲ ተካሄደ።

እንግዲያውስ ጄኔሬተሩ ይውደም ብዬ ጠየቅኩ። «የወዳጅ ንብረት አይወድምም» የሚል መልስ መጣ። ከእኛ እጅ አልወጣም እንዳይባል የወዳጅ ነው፤ የወዳጅ ነው እንዳይባል ወዳጁ አልፈረመም። በመጨረሻ በራሴ ሥልጣን ቃለ ጉባኤ ጻፍኩ፦ ተረካቢው ባለመገኘቱ ከዚህ በታች የተዘረዘረው ንብረት በቦታው መቅረቱን እኛ ስማችን የተጠቀሰው አረጋግጠናል። ሦስት ወታደሮች ፈረሙ። በካርቦን ሁለት ቅጂ አወጣሁ፤ አንዱን ለመዝገብ ቤት፣ አንዱን ለኪሴ። በወጣን ማግሥት አልሸባብ ባይደዋን ያዘ።

አገር ቤት ስገባ ፋይሉን የሚያወራርደው ሹም ጥሩ ወንበር ነበረው። ሞዴሉን ገለጥ ገለጥ አድርጎ የተረካቢው ቦታ ባዶ መሆኑን በእስክሪብቶው ጫፍ ጠቆመኝ።

«ይህ ሰው የት ነው ያለው?»

«ባይደዋ ነበር።»

«ሄደህ አስፈርመህ ና።»

ቀልድ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። አልቀለደም። ከተማዋ በማን እጅ እንዳለች ነገርኩት፤ ሬዲዮ እንደሚሰማም ነገረኝ። ቃለ ጉባኤውን ሳሳየው፣ ቃለ ጉባኤ የሚያዘው ኮሚቴ በደብዳቤ ሲቋቋም ነው አለ። ያንን ኮሚቴ ማን ያቋቁመው ነበር? ደብዳቤውን የሚጽፈው ክፍል እኮ ከእኛ ቀድሞ ዶሎ ተሻግሯል! በሚቀጥለው ወር ከደመወዜ መቆረጥ ተጀመረ። በ2003 ስንብት ጠይቄ ወደ ጅማ፣ እህቴ ቤት ስመጣ ክሊራንሱ አልተሰጠኝም፤ የስንብት ክፍያዬም በዚያው ታገደ። ፈረንጅ አራዳ አጠገብ በአንድ ቡና መጋዘን ሥራ ያዝኩና፣ ትንሽ ገንዘብ በተጠራቀመ ቁጥር 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ተሳፍሬ፣ የጊቤን በረሃ አቋርጬ አዲስ አበባ መመላለስ ሆነ። የፈረሙልኝ ልጆች በየክፍሉ ተበትነዋል፤ አንዱ ሰሜን፣ አንዱ ተሰናብቶ ጎጃም። ቃላቸውን በጽሑፍ ለመሰብሰብ የለመንኩት ሰው ብዛት!

ይህ ሁሉ አልፎ፣ በየካቲት 2004 ዓ.ም ጦራችን ባይደዋን መልሶ ያዘ። ደስ አለኝ፤ የምጠላው ነገር የለም። ብዙም ሳይቆይ ከዚያው ቢሮ ደብዳቤ ደረሰኝ። መንገዱ በመከፈቱ ጉድለቱን እንዳሟላ የሚያሳስብ ነው። መጋዘኑ ውስጥ ጀንፈል ቡና በሚመዘንበት ሚዛን ላይ ተቀምጬ ደጋግሜ አነበብኩት። ሠራተኞቹ የሞት መርዶ መስሏቸው ዝም አሉ። ጮክ ብዬ ስስቅ ደግሞ ይበልጥ ደነገጡ።

እዚያ የገባ አንድ የድሮ ጓደኛዬ በስልክ እንደነገረኝ፣ የኮንክሪት መደቡ አለ፤ ብሎኖቹ በመጋዝ ተቆርጠዋል። ያንን በጽሑፍ አድርጎ ላከልኝ። ዕቃው በጦር ሜዳ እንደጠፋ የተቆጠረው፣ ስንብቴም የተለቀቀው በዚያ ወረቀት ነው። እኔ በቦታው ሆኜ ከጻፍኩት ቃለ ጉባኤ ይልቅ ከዓመታት በኋላ የታየ የብሎን ጉቶ ታመነ።

ለጎረቤቴ ልጅ የነገርኩት ይኸው ነው። መመሪያው ሰነድ ከክፍሉ አይውጣ ይላል፤ እኔ ግን የራስህን ቅጂ ያዝ እላለሁ፤ ምስጢር ያልሆነ የአልጋና የቆርቆሮ ዝርዝር አገር አይሸጥም። መመሪያው ተረካቢውን ጠብቅ ይላል፤ እኔ አትጠብቅ፣ ትእዛዝ ባይመጣም ዝርዝሩን ቀድመህ አዘጋጅ፣ የኮሚቴውን ደብዳቤ ገና ካምፑ ሳይፈርስ አስጽፍ እላለሁ። ምስክር ስትመርጥ ማዕረግ አትይ፤ ነገ አድራሻው የሚገኝ ሰው ይሁን። ሊጫን የማይችል ዕቃ ካለ በጊዜ ይሸጥ ወይም ይሰጥ፤ የወተት ሻጯ ዱቤ ካቆመች በኋላ ጊዜ የለም።

የዛሬዎቹ ከእኛ ይሻላሉ። አትሚስ የተባለው የአፍሪካ ኅብረት የሶማሊያ ተልእኮ በሰኔ 2015 የመጀመሪያዎቹን 2,000 ወታደሮች ሲያስወጣ ካምፖቹን ለሶማሊያ ጸጥታ ኃይሎች ያስረከበው ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ፈርመው፣ ፎቶግራፍ ተነሥተው ነው። ልጁም ስልኩ ውስጥ ዕቃው ከነተረካቢው የተነሣበት ፎቶግራፍ አለው። ቢሆንም ጅማ መርካቶ ወስጄ ሁሉንም በወረቀት አሳተምኩት፤ ሹም ስልክ አያይም።

ሲቆረጥብኝ የነበረው ደመወዝ እስካሁን አልተመለሰልኝም። ስጠይቅ ፋይሉ ተዘግቷል ይሉኛል። መዘጋቱን በደብዳቤ ስጡኝ ስል ደግሞ ለተዘጋ ፋይል ደብዳቤ አይጻፍም አሉኝ። ማመልከቻ አስገብቻለሁ፤ ቅጂው ከእኔ ጋር ነው።